ሶፍትዌር የቀየርኩበት መስከረም

ተማሪዎቼ ስልክ ላይ ከስተም ሮም መጫን ያዋጣል ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። የማስተምረው ሒሳብ ነው፤ ግን ሆሳዕና ውስጥ ፋብሪካው የጫነውን ሶፍትዌር በገዛ እጇ አውጥታ፣ ሌላ ሰው የሠራውን የጫነች ሴት መምህር ከእኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም፤ ስለዚህ ወሬዬ ከእኔ ቀድሞ ክፍል ይገባል። እኔም እንደ መምህር እመልሳለሁ። አዲስ ስልክ ከሆነ አትንኩት። አሮጌ ሆኖ ፋብሪካው ከረሳው፣ የምትፈልጉት አፕም አልሠራም ካላችሁ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ዕድሜ ይቀጥልለታል። ካሜራው ሊደበዝዝ ይችላል። ባትሪው ቶሎ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ ሲጫን መሃል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ ስልኩ ድንጋይ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ቀስ በሉ እላቸዋለሁ። ከዚህ ያለፈውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ስልኩን የላከልኝ ወንድሜ ነው። በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። አባትና እናታችን ተከታትለው ሲሞቱ እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ እሱ ዘጠነኛን አቋርጦ ሌሞ ገጠር ያለችንን የእንሰትና የገብስ ማሳ ያዘ። ደብተሬን የገዛልኝ፣ ፀጉሬን ያበጠረልኝ፣ አንደኛ ስወጣ ፈረስ ጋሪ ላይ አስቀምጦ ከተማ ያዞረኝ እሱ ነው። ማበጠሩንስ አይችልበትም ነበር፤ ራሴን ይዤ እያለቀስኩ ነበር ትምህርት ቤት የምደርሰው። ዲግሪዬን ይዤ የተመለስኩ ዓመት፣ «በቃ፣ አሁን የእኔ ተራ ነው» ብሎ በሞያሌ በኩል ወጣ። ያገራችን ልጅ ግማሹ የወጣበት መንገድ ነው፤ መጨረሻው ደቡብ አፍሪካ። እዚያ ሎኬሽን በሚሉት ሰፈር ትንሽ ሱቅ ከፍቶ፣ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ ዳቦና ሳሙና ይሸጥ ነበር።

እኔ ደግሞ ሆሳዕና ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። ሠላሳን አልፌያለሁ፤ አላገባሁም። አከራዬ አፋቸው የማያርፍ፣ የመብራቴን መጥፋት ከመስኮት የሚጠብቁ ሴት ናቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ስድሳ ሰባ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ስጮህ እውላለሁ፤ ቅዳሜ ልብሴን አጥባለሁ፤ እሁድ ቅዳሴ አስቀድሼ ብቻዬን እመለሳለሁ። ሰው የሚበዛበት ሥራ ያለው ሰው ብቸኛ ነኝ ሲል ማንም አያምነውም። እኔ ግን ነበርኩ። በልጅነት ስሜ የሚጠራኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር የቀረኝ፤ እሱም እሁድ ከሰዓት በኋላ በኢንተርኔት በሚያስደውል አፕ ይደውላል። ሳምንቴ በሙሉ የዚያች ጥሪ ዋዜማ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንድ ክረምት አፑ ሥራ አቆመ። በዚህ ስልክ ላይ ከእንግዲህ አይሠራም፣ ስልክህን አድስ የሚል ጽሑፍ ብቻ ያወጣል። ይዤው መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ሞባይል ጠጋኝ ሄድኩ። ጠጋኙ የወንድሜ እኩያ ነው፤ ትምህርት ቤት አብረው ነበሩ፤ ቤተሰቡ ከአባት ከአያት ጀምሮ ነጋዴ ነው። አገላብጦ አየውና «ቲቸር፣ ይኼን ስልክ ፋብሪካው ራሱ ረስቶታል፣ ወላሂ። አዲስ ግዢ» አለኝ።

«ወንድሜ የላከልኝን አልቀይርም» አልኩት።

«እንግዲያው ያለው ከስተም ሮም ነው። የፋብሪካውን አውጥተሽ ሌላ ሰው የሠራውን መጫን። እኔ ግን አልነካውም። ቢሞትብኝ ከአንቺም ከወንድምሽም ጋር መጣላቴ ነው።»

አልነካውም ሲሉኝ እልህ የሚይዘኝ ሰው ነኝ። ያን ክረምት ዝናቡ ሲያባራ እየጠበቅኩ ኢንተርኔት ቤት ተመላለስኩ። አንዱን ፋይል ለማውረድ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ዘጠና በመቶ ደርሶ ኔትወርኩ ይቋረጥና እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ለእኔ ስልክ የሚሆነውን ሶፍትዌር የሠራው አንድ የማላውቀው ሰው ነበር፤ አገሩንም አላውቅም። በፎቶው ቦታ የድመት ምስል አድርጓል፤ እኔም ባለድመቱ አልኩት። በእንግሊዝኛ ጠየቅኩት፣ መለሰልኝ። ይህን ተጫኚ፣ ይህን አትንኪ፣ ይህ ቀይ ጽሑፍ ቢወጣ አትደንግጪ። በዚያ ክረምት ከማንም ሰው በላይ ያወራሁት ከእሱ ጋር ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን መልሱን አይቼ ስተኛ ደስ ይለኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ ጫንኩት። ስልኩ ተነሣ፤ አፑም ሠራ። የዚያን እሁድ ወንድሜ በቪዲዮ ደወለ። ከሄደ ጀምሮ ፊቱን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ጆሮው አካባቢ ሸብቷል። ምስሉ ይደበዝዛል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሄዳል። እኔ ዝም ብዬ ሳየው እሱ ይስቃል። «አንቺ ልጅ፣ ሒሳብ ነው ወይስ ኢንጂነሪንግ ነው የተማርሽው?» አለኝ። ስልኩን አዙሮ ዳቦውን፣ ሳሙናውን፣ ፍርግርጉን አሳየኝ። በልጅነት ስሜ ጠራኝ። ያን ቀን ማታ አከራዬን ሳላኮርፍ ሰላም አልኳቸው፤ እሳቸውም ደንግጠው «ምነው፣ ደህና ነሽ?» አሉኝ።

እንዲህ ሦስት እሁድ አለፈ። ጳጉሜን ላይ ባለድመቱ አዲስ ቨርዥን አወጣ፤ ካሜራውም የቪዲዮ ጥሪውም ተሻሽሏል ይላል። ያለው በቂዬ ነበር። ነገር ግን የወንድሜን ፊት አጥርቼ ማየት አማረኝ። ቅዳሜ ማታ ቁጭ ብዬ ጫንኩት፤ ያለ አንዳች ችግር ገባ። በማግሥቱ እሁድ ከሰዓት ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አልደወለም።

ሰኞ መልእክት ጻፍኩለት። አፑ ላይ መልእክት ከስልክህ ሲወጣ አንድ የራይት ምልክት ያሳያል፤ ለሰውየው ስልክ ሲደርስ ሁለት ይሆናል። የእኔው አንድ ላይ ቆመ። ማክሰኞም ጻፍኩ፤ አንድ። በመደበኛው ጥሪ ስሞክር አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ቁጥሩ አይገኝም ትለኛለች። እሱ ድሮም ሲም ይቀያይራል፤ ይህ አላስገረመኝም። ያስገረመኝ የራሴ ጅልነት ነው። ደህና የሚሠራውን በስስት ነካክቼ አበላሸሁት። ከእጅ አይሻል ዶማ ለሆነ ምስል ብዬ ወንድሜን ከስልኬ አወጣሁት። ራሴን በመስታወት እያየሁ የሰደብኩት ስድብ እዚህ አይጻፍም።

እንቁጣጣሽ አለፈ፤ ሁለተኛው እሁድም አለፈ። ወደ ጠጋኙ ሄድኩ። አዲስ ግዢ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና «እስቲ አሮጌውን ቨርዥን መልሺበት» አለኝ። መለስኩበት፤ አንድ ምልክት። ሐሙስ ነይ አለኝ፤ ሐሙስ ሄድኩ። ሌላ ሰው የሠራውን ሞክሪ አለኝ፤ ሞከርኩ። ባዶ አድርጎ መጫን፣ ሲሙን አውጥቶ መጫን፣ አፑን በአሮጌው መተካት፤ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ ጫንኩ። ዕቃ ሲሸጥም፣ ሻይ ሲጋብዝም፣ ዝናብ ይዘንባል ሲልም ወላሂ የሚለው ሰው፣ በእነዚያ ቀናት አንድም ጊዜ ወላሂ አላለኝም። ይህን ያስተዋልኩት ኋላ ነው።

አንድ ቀን ለራሱ ለጠጋኙ መልእክት ላክኩ። ሳላበቃ ሁለት ምልክት ሆነ፤ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ።

«ለአንተ የሚደርሰው ለእሱ ለምን አይደርስም?» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ የከፈተውን ስልክ በመፍቻ መነካካት ቀጠለ። «የውጭ ቁጥር ይለያያል» አለኝ።

እኔም ተቀበልኩት! የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። አንድ እኩልታ አልመጣ ሲል ሁለቱንም ጎን ፈትሹ እያልኩ ስንት ልጅ ያስለቀስኩ ሰው ነኝ። የእኔን ጎን ስድስት ጊዜ አፍርሼ ሠራሁ፤ የወዲያኛውን ጎን አንድም ጊዜ አላየሁትም።

በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ ደግ ሆነብኝ። አከራዬ ስለ መብራት መነጫነጫቸውን ተዉ፤ አንድ ማለዳ ትኩስ ቆጮ ከአይብ ጋር በር ላይ አስቀምጠውልኝ ሄዱ። የመምህራን ክፍል ውስጥ መቼ ነው ድግሱ እያለ የሚተነኩሰኝ የጂኦግራፊ መምህር ስገባ ዝም ይላል። ርእሰ መምህሩ ጠርተው «ከደከመሽ የዓርብ ክፍለ ጊዜሽን ሰው ይሸፍንልሻል» አሉኝ። አልደከመኝም ብዬ ተቆጣሁ። ሠላሳ አልፏት ሳታገባ ቀረች ብለው ከንፈር የሚመጡልኝ መሰለኝ። ቆጮውን በኩራቴ ሳልነካው አሳደርኩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የእኔስ ከባዳም የባሰ ነበር።

ለባለድመቱ በረጅሙ ጻፍኩለት። ስልኩ ያስቀመጠውን የሥራ መዝገብ በሙሉ ልኬ፣ አንተ ያወጣኸው ቨርዥን ከወንድሜ አቆራረጠኝ አልኩት። በሁለተኛው ቀን መለሰልኝ። መዝገቡን ከላይ እስከ ታች እንዳየው፣ ምንም ስሕተት እንዳላገኘበት ጻፈና በመጨረሻ አንድ ጥያቄ አስከተለ፤ የወንድምሽ ስልክ በርቷል ወይ? አለኝ።

ተናደድኩ። የሠራውን አበላሽቶ በሰው የሚያሳብብ ብዬ ኮምፒውተሩን ሳልዘጋው ከኢንተርኔት ቤቱ ወጣሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ያገሬ ሰው ሁሉ መልሱን ስለሚያውቅ አይጠይቀኝም፤ እሱ ምንም ስለማያውቅ ጠየቀኝ።

ያሆዴ ደረሰ። ያሆዴ የሀዲያ ዘመን መለወጫ ነው፤ ከመስቀል ጋር ይውላል። በዚያን ሰሞን ከተማው ይራቆታል፤ ሰው ሁሉ ወደየትውልድ ቀዬው ይገባል። ወንድሜ በሄደበት ዘመን ሁሉ ያሆዴን ሳይደውል አሳልፎ አያውቅም፤ በበረሃ መንገድ ላይ እያለ እንኳ ከማላውቀው ሰው ስልክ ደውሎ ነበር። ዋዜማው ዕለት ክፍሌ ውስጥ ጠበቅኩ። ጎረቤት ሁሉ ሄዷል፤ ግቢው ጭር ብሏል። ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩና ንዴቴ ገነፈለ። ስልኩ ደህና ቢሆንስ? እሱ ቢሆንስ የረሳኝ? እዚያ ሚስት አግብቶ ይሆናል፤ እኔን ለመጥራት ጊዜ አጥቶ ይሆናል። እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ሰው እንዲህ አይረሳም። አንተ ከረሳኸኝ እኔም ወንድም የለኝም ብዬ እኖራለሁ።» ላክኩት። አንድ ምልክት።

በማግሥቱ ከሆሳዕና ወጣ ብላ ወዳለችው ፎንቆ፣ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። የአባቴ እህት ናት፤ ከወንድሜ ቀጥሎ የቀረችኝ ዘመድ እሷ ናት። አተካናውን፣ ያንን በቅቤና በአይብ የሚሠራውን የበዓል ምግብ፣ እንደ ወጉ አቀረበችልኝ። «ብዪ፣ ልጄ፣ ብዪ» ትላለች፤ እሷ ግን አልጎረሰችም። ቶሎ ቶሎ ወደ ጓሮ ትወጣለች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ምነው ስላት ጭስ ነው አለች። በየዓመቱ ከበር ሳልገባ «ደወለ ወይ?» ብላ የምትጠይቀኝ ሴት፣ ያን ቀን ስሙን እንኳ አላነሣችም። እኔም አኩርፌው ስለነበር አላነሣሁም። ሁለታችን አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠን አንድ ሰው ደበቅን።

ከያሆዴ በአራተኛው ቀን ሆሳዕና ነበርኩ። ጎህ ሳይቀድ የግቢው በር ተንኳኳ። አከራዬ ማንነቱን ሦስት ጊዜ ሳይጠይቁ በር የማይከፍቱ ሰው ናቸው፤ ያን ማለዳ አንድም ጊዜ ሳይጠይቁ ከፈቱ። ወጣሁ። አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። በግራ በቀኟ ሁለት የሰፈራችን ሽማግሌዎች፤ ከኋላቸው፣ በሩ ጋ፣ እጁን አጣጥፎ ጠጋኙ። እሱን ሳይ መጀመሪያ ያሰብኩትን ልናገር፤ በዚህ ሰዓት ስልኬ ላይ ምን አግኝቶበት ነው የመጣው? ነበር ያልኩት።

አንደኛው ሽማግሌ «ልጄ፣ ቁጭ በዪ» አሉኝ። አልቀመጥም አልኩ። «ወንድምሽን እግዚአብሔር ወስዶታል» አሉ።

ጳጉሜን ላይ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ሱቁን ሲዘጋ ሌቦች ገድለውታል። በማግሥቱ እዚያ ያሉት ያገር ልጆች ለሽማግሌዎቹ ነገሩ። ሽማግሌዎቹ ለአክስቴ፤ ከዚያ ለአከራዬ፣ ለርእሰ መምህሩ፣ አብሮ አደጉ ነውና ለጠጋኙ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በዓል ሊገባ ሲልም አይነገርም። ዓመት በዓሉን ትብላ፣ አስከሬኑም መምጫው ይታወቅ ተባለ። ወጉ እንዲያ ነው፤ እኔም በሌላ ሰው መርዶ ላይ ይለፍ በዓሉ ያልኩበት ጊዜ አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውሰውም።

ለቅሶው ፎንቆ አክስቴ ግቢ ሆነ። ድንኳን ተተከለ፤ ሙስሊሙም ካቶሊኩም መጣ፤ ከሀደሮ ድረስ በጭነት መኪና ተጭነው የመጡ የማላውቃቸው ሰዎች ደረታቸውን መቱልኝ። ድንኳኑ ሙሉ ነው፤ እኔ እንደዚያ ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። የሚያለቅሱት ለሦስት ሳምንት የለመዱትን ሐዘን ነው። የእኔ ገና ትናንት ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠጋኙ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ስድስት ጊዜ አስጫንከኝ» አልኩት።

«አዎ።»

«እያወቅክ።»

«ሽማግሌ ሳይናገር እኔ ምን አፍ አለኝ፣ ቲቸር? እጅሽ ሥራ እንዲይዝ ብዬ ነው።» ከዚያም፣ «ሶፍትዌሩ ምንም አልነበረበትም። ከመጀመሪያውም ደህና ነበር፣ ወላሂ» አለ።

ልመታው ፈልጌ ነበር። ከዚያ ደግሞ ሳየው፣ ያኔ ሱቁ ውስጥ ጎንበስ ያለው ለመፍቻው እንዳልነበር ገባኝ። ለእሱም ጓደኛው ነበር። ሳያለቅስለት ሦስት ሳምንት ፊቴ ተቀምጧል።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ መጣችና ፎቶ ጠየቀችኝ። ድንኳኑ ውስጥ የሚሰቀል የቅርብ ጊዜ ፎቶ ከማንም ጠፍቷል፤ ያለው ገና ጢም ሳያወጣ የተነሣው ብቻ ነው። ነሐሴ ላይ በቪዲዮ ስናወራ ምስሎች አስቀርቼ ነበር፤ አሁን ግን በስልኬ ላይ የሉም። ስድስቱ ጭነት የስልኬን ሁሉ ጠርጎታል፤ በአፑ የተላላክነው ብቻ ኢንተርኔት ላይ ስለሚቀመጥ በየጊዜው ይመለስልኛል። አንዱን ምስል ለእሱም ልኬለት ስለነበር፣ ይገኝ እንደሆነ ብዬ ስልኬን ከኪሴ አወጣሁና በአፑ የእሱን ገጽ ከፈትኩ።

እዚያ አብረውት የሚኖሩት ልጆች፣ እህቱ ሳትረዳ ስልኩ እንዳይበራ ተብለው ኖሯል። ደውዬ የሌላ ሰው ድምፅ እንዳልሰማ ብለው አጥፍተው አስቀምጠውታል። አሁን ተረድታለች ተባሉ፤ አበሩት።

ገጹ ፊቴ ላይ እያለ፣ የመጀመሪያው መልእክቴ ሁለት ምልክት ሆነ። የጳጉሜኑ። ቀጥሎ የማክሰኞው፣ ቀጥሎ የእንቁጣጣሹ። ምነው ጠፋህ። ስልኬን አበላሸሁት መሰለኝ፣ አትቆጣኝ። ዛሬ ደግሞ ሌላ ጫንኩ፣ ይህ ይደርስህ ይሆን? ድንኳኑ ውስጥ ሰው ያለቅሳል፤ እኔ መልእክቶቼ አንድ በአንድ ሲደርሱ አያለሁ። አንድም የቀረ የለም፤ ሁሉም ሄዱለት። አክስቴ «አገኘሽው ወይ?» ትለኛለች። የመጨረሻው የያሆዴ ዋዜማው ነበር፤ ወንድም የለኝም ያልኩት። አንድ ምልክት ላይ ትንሽ ቆየ፤ በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት፣ እንዳይሄድ የምይዘው ይመስል። ጣቴን ሳነሣ ደርሷል።